ቦክታይ፦ የፀሐይ መለኪያው ከሁለት ነጥብ አልወጣ አለኝ፤ ካሴቱ ነው ወይስ እኔ?

ጥላ_ውስጥ፦

ሰላም ለቤቱ። ለዓመታት ስፈልገው የኖርኩትን ቦክታይ የሚባለውን የቪዲዮ ጌም ሰሞኑን አገኘሁት። የመጀመሪያውን ማለቴ ነው፤ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2003 ለጌምቦይ አድቫንስ ያወጣውን፣ የሜታል ጊሩ ሰውዬ ሂዴኦ ኮጂማ ፕሮዲዩሰር የነበረበትን። የምጫወተው በኤስፒ ነው፣ በሚታጠፈው ጌምቦይ አድቫንስ።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ካሴቱ ጫፉ ላይ የብርሃን ሴንሰር አለው። ጃንጎ የሚባለው ልጅ ሽጉጡን የሚሞላው በፀሐይ ጉልበት ነው፣ ያ ጉልበት ደግሞ የሚመጣው እናንተ ካሴቱን ከምታስመቱት ከእውነተኛው ፀሐይ ነው። ቤት ከተቀመጣችሁ ጌሙ ውስጥም ፀሐይ የለም። ቫምፓየር በፀሐይ ይሞታል የሚለውን ተረት የምራቸውን ይዘውታል።

ችግሬ ይኸውላችሁ። መለኪያው ስምንት ነጥብ አለው፣ እኔ ጋ ግን ከሁለት ንቅንቅ አይልም። አልጋዬ ላይ መብራት አብርቼ ዜሮ። መስኮት ሥር አንድ፣ አንዳንዴም ዜሮ። ትናንት ምርር ሲለኝ ወጥቼ ጠራራው ላይ ተቀመጥኩ። አናቴ ሊፈላ ደረሰ፣ መለኪያው ሁለት ላይ ተገትሮ ቀረ።

ኮንት የሚሉትን ቫምፓየር አሸንፌዋለሁ። የሬሳ ሣጥኑን በዚያ ሁሉ ክፍል እየጎተትኩ፣ እሱ ውስጥ ሆኖ እየተንፈራገጠ፣ ደጅ ድረስ አውጥቼዋለሁ። ግን የሚያነጻው ማሽን፣ ፓይል ድራይቨር የሚሉት፣ የሚሠራው በፀሐይ ነው። በሁለት ነጥብ ማሽኑ እየተንፏቀቀ ሳለ ኮንቱ እኔን ይጨርሰኛል። አራት ጊዜ ሞከርኩ፣ አራት ጊዜ ሞትኩ። ሻጩ «ተፈትሿል» ብሎኝ ነበር። ካሴቱ ነው የተበላሸው ወይስ እኔ የሳትኩት ነገር አለ?

ድንገቴ፦

መጀመሪያ ስምህን ፈትሽ።

ካሴት_ሰብሳቢ፦

አይዞህ ወንድሜ፣ ሁለት ነጥብ ካሳየህ ሴንሰሩ በሕይወት አለ። የሞተ ቢሆን ፀሐይ ላይ ብታሰጣውም ዜሮ ነበር።

ይህን የምለው ተሞኝቼ ስለማውቅ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ ያዘዝኩት ቦክታይ ደረሰኝ። ስቲከሩ ያማረ፣ ሣጥኑ ያማረ። ፀሐይ ላይ ያዝኩት፣ ዝም። አዟዟርኩት፣ ዝም። ከዚያ ልብ ብዬ ሳየው ቁመቱ እንደ ማንኛውም ካሴት ነው። እውነተኛው ቦክታይ ከሌሎቹ ረዘም ይላል። ስትሰካው ጫፉ ከማሽኑ ወጣ ብሎ ይቀራል፣ ሴንሰሩም ያለው እዚያው ጫፍ ላይ ነው። ለእኔ የሸጡልኝ ሰዎች ጌሙን ገልብጠው ፀሐይዋን ትተዋት ኖሯል። አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ፣ ለትምህርት ይሁነኝ ብዬ።

የአንተ እውነተኛ ይመስላል። እስቲ ንገረኝ፦ ኤስፒውን የጎማ ልባስ አልብሰኸዋል? ልባሱ የካሴቱን ጫፍ ከሸፈነ ጉዳዩ አለቀ። ሰዓቱንና ቀኑን፣ አካባቢህንም በትክክል ሞልተሃል? ጌሙ የፀሐይ መውጫና መግቢያን የሚያሰላው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ካሴቱ ውስጥ ሰዓቱን የምታስኬድ ትንሽ ክብ ባትሪ አለች፤ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታልና ደክማ ሊሆን ይችላል። ብትደክምም ሴቭህ አይጠፋም፣ ሴቩ በእሷ አልተንጠለጠለም። የሚቆመው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ሽቦና_ብየዳ፦

ሰብሳቢ ካለው ላይ ልጨምር። ነገሩ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ትንሽ እረዝማለሁ፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ የክፍሉን ብርሃን እንይ። መብራት የበራበት ተራ ክፍል ከ300 እስከ 500 ለክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ቢኖረው ነው። ጥርት ባለ ሰማይ የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ለክስ ይጠጋል። ልዩነቱ ቢያንስ 200 እጥፍ ነው! ዓይናችን ግን ከሁለቱም ጋር ስለሚላመድ «ክፍሉ እኮ ብርሃን ነው» ያሰኘናል። ፎቶዳዮድ፣ ሴንሰሩ ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም። የመጣለትን ብቻ ነው የሚናገረው።

በዚያ ላይ ይህ ሴንሰር አልትራቫዮሌቱን ነው የሚፈልገው ይባላል። ተራ አምፖል ከዚህ የሚሰጠው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የመስኮት መስታወትም አጭር ሞገድ ያለውን አልትራቫዮሌት ያስቀራል፣ ከረጅሙም የተወሰነውን ይይዛል። መስኮት ሥር ተቀምጠህ ፊትህ እየሞቀህ መለኪያው አንድ ማለቱ ብልሽት አይደለም።

አሁን የሚያስደስተኝ ክፍል። ጌሙ ብርሃኑን የሚያነብበት መንገድ በጣም ተራና በጣም ብልህ ነው። ፕሮሰሰሩ ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ላይ እየቆጠረ ለካሴቱ ምት ይልካል። በየምቱ ካሴቱ ውስጥ ያለው መለኪያ አንድ ደረጃ ከፍ እያለ ከፎቶዳዮዱ ጋር ይነጻጸራል። ልክ ሲደርስበት አንዲት ምልክት ትገለበጣለች፣ ቆጠራው ይቆማል፣ የቆመበት ቁጥር ንባቡ ነው። ስለዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፀሐይ ከበረታ ቁጥሩ ያንሳል፣ ጨለማ ከሆነ ይበዛል።

ኢሙሌተር (የድሮ ጌም በኮምፒውተር የሚያጫውት ፕሮግራም) የሚሠሩ ሰዎች ይህን ለክተው ጽፈውታል። በድቅድቅ ጨለማ 232 አካባቢ ነው። ባለ 100 ዋት አምፖል አጠገብ ብታስጠጋው ትንሽ ነው የሚወርደው። የጌሙ መለኪያ ጫፍ የሚነካው ደግሞ ቁጥሩ 80 አካባቢ ሲደርስ ነው። አስሉት፦ ከጨለማ እስከ ሙሉ ፀሐይ ወደ 150 ደረጃ አለ፣ አምፖሉ የወሰደን ጥቂቱን ብቻ ነው። ዝናባማ ቀን ላይ ውጭ ብትወጣ እንኳ ንባቡ ከጨለማው ብዙም አይለይም።

የአንተ ነገር ግን ገና አልተፈታም። ጠራራ ላይ ሁለት ማለቱ ልክ አይደለም። ስትጫወት እንዴት ሆነህ ነው የምትቀመጠው?

ጥላ_ውስጥ፦

ምስጋናዬ ብዙ ነው። ልባስ የለውም። ካሴቱ እንዳላችሁት ጫፉ ወጣ ይላል፣ አሁን ገና ልብ አልኩት። ሰዓቱም ልክ ነው።

አቀማመጤ ምን የተለየ ነገር አለው? ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ ጎንበስ ብዬ ነው የምጫወተው። አለዚያ ስክሪኑ አይታየኝም፤ የራሴን ፊት ነው የሚያሳየኝ።

የንጋት_ኮከብ፦

ቆይ ቆይ ቆይ። «ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ ጎንበስ ብዬ»?

ወንድሜ፣ ኤስፒ ላይ የካሴቱ መግቢያ የት ነው? ከታች። ወደ ሆድህ የሚዞረው ጫፍ ላይ። በመጀመሪያው ጌምቦይ አድቫንስ ካሴቱ ከላይ ስለሚሰካ ሴንሰሩ ወደ ፊት ለፊትህ ይወጣል። በኤስፒው ግን አንተን ነው የሚያየው። አንተ ደግሞ ጎንበስ ብለህ ተደፍተህበታል። ሁለት ነጥብ ያመጣልህ ከመሬት ነጥሮ የመጣው ብርሃን መሆን አለበት፣ እሱንም ሴንሰሩ በጥረት ያገኘው ነው።

በጎንህ ዙር። ፀሐይዋ በግራ ወይ በቀኝ ትከሻህ በኩል ትምጣ። ክርንህን ከሰውነትህ አርቅ። ከዚያ ንገረን።

ሌላም ልጠይቅህ፦ ከቁልፎቹ በላይ መሐል ላይ ያለችውን የመብራት ቁልፍ ስትጫን መብራቱ ይጠፋል ወይስ ደመቅ ደብዘዝ ነው የሚለው?

ጥላ_ውስጥ፦

ስድስት!!! ስድስት አለ!

አፈርኩ። በጎኔ ዞሬ ክርኔን ሳርቅ አራት፣ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ሳደርገው ስድስት። ሻጩን በልቤ ስረግመው ነበር፣ ይቅርታ ይድረሰው።

ቁልፉ አያጠፋም። ደመቅ ደብዘዝ ነው የሚለው። ምን ማለት ነው?

ካሴት_ሰብሳቢ፦

ማለት ዘግይቶ የወጣው ኤስፒ ነው ያለህ ማለት ነው፣ ከጀርባ የሚያበራው። ለሌላው ጌም ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ለቦክታይ ግን የከፋው።

ታሪኩ ራሱ ያስቃል። ጌምቦይ አድቫንስ በ2001 ሲወጣ ስክሪኑ የራሱ መብራት አልነበረውም። የሚያሳየው የውጭውን ብርሃን አንጸባርቆ ነው። ሰው ሁሉ አምፖል ሥር እየተጠማዘዘ «ጨለመብን» ሲል ከረመ። በ2003 መጀመሪያ ኤስፒው ከፊት የሚያበራ መብራት ይዞ መጣ፣ ሕዝቡ እፎይ አለ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መጫወት ጀመረ። ልክ በዚያው ዓመት ኮጂማ መጣና ሁሉንም ከብርድ ልብስ ሥር አስወጣ። የሚገርመው የጥንቱ ሁሉም ያማው ስክሪን ፀሐይ ላይ እንደ ታተመ ወረቀት ጥርት ብሎ ይታያል። የመጀመሪያው ኤስፒም መብራቱን ስታጠፋው እንደዚያው ነው። የአንተ ግን ከፀሐይ ጋር የሚወዳደረው በራሱ መብራት ነው፣ ውድድሩ ደግሞ የማይሞከር ነው። ስለዚህ ነው ጀርባህን የሰጠኸው። ስክሪንህ ጥላ ይፈልጋል፣ ሴንሰርህ ፀሐይ ይፈልጋል፣ አንተ መሐላቸው ገብተህ ትታሻለህ።

መብራት አልባውን የድሮውን ጌምቦይ አድቫንስ ፈልግ። ካሴቱ ከላይ፣ ስክሪኑ ፀሐይ ወዳድ። ቦክታይ ለእሱ የተሠራ ነው የሚመስለው።

አንድ የማልረሳው ነገር ደግሞ አለ። በጃፓን የመጀመሪያው በ2003፣ ሁለተኛው በ2004፣ ሦስተኛው በ2005 የወጡት ሁሉም በሐምሌ ወር፣ በእነሱ የበጋ እምብርት ነው። ወደ አሜሪካ ሲሻገር የመጀመሪያው መስከረም ላይ፣ ሁለተኛው ጥቅምት ላይ ደረሰ። ማለትም ቀኑ ማጠር ሲጀምር፣ ፀሐይዋ ዝቅ እያለች ስትሄድ። ከፀሐይ ውጭ የማይሠራ ጌም ልጆች ኮት ሊለብሱ ሲሉ መሸጥ! ያን ጊዜ የነበረው ቅሬታ ግማሹ የጌሙ ጥፋት አልነበረም ባይ ነኝ።

ኢሙሌተር_ይበቃኛል፦

ይህን ሁሉ አነበብኩት። ክርን አርቅ፣ ትከሻ አዙር፣ የድሮ ማሽን ፈልግ። ለምን? ኤምጂቢኤ የሚባለው ኢሙሌተር ላይ የፀሐዩን መጠን በቁልፍ ከፍ ዝቅ ታደርጋለህ። ኢሙሌተር ካልወደድክ ጌሙን ለውጠው ሴንሰሩን ጨርሶ የሚያስቀሩ ፓቾችም አሉ። እኔ ጌሙን ሶፋዬ ላይ ጋደም ብዬ ጨርሼዋለሁ። ታሪኩ ያው፣ ሙዚቃው ያው፣ ቦሶቹ (ትልልቆቹ ጠላቶች) ያው። የቆዳዬ መልክም ያው።

ሴንሰሩ ማስታወቂያ ነበር። ጥሩ ማስታወቂያ፣ ግን ማስታወቂያ።

ካሴት_ሰብሳቢ፦

«ቦሶቹ ያው» አልክ? አይደሉም።

ጌሙን አስበው። ዋሻው ውስጥ ጣሪያ ላይ የተከፈቱ ቦታዎች አሉ። ውጭ ፀሐይ ካለ በእነሱ በኩል ብርሃን ይወርዳል፣ እዚያ ቆመህ ትሞላለህ፣ ሙታኑም ብርሃኑ ውስጥ ከገቡ ይቃጠላሉ። ውጭ ፀሐይ ከሌለ ያው ቦታ ጨለማ ነው። ባትሪህ ካለቀ መተኮስ የለም። ያን ጊዜ ነው ግድግዳ ተጠግተህ ኳ ኳ እያደረግህ ቦኮቹን፣ ሙታኑን ማለቴ ነው፣ ወደ ድምፁ የምትጠራው፣ እነሱ ሲሄዱ አንተ በሌላ በኩል የምትሾልከው። ጌሙን የሠራው ቡድን መደበቅና መሹለክ ላይ የተካነ ነው፣ ያ ሁሉ ጥበብ ዋጋ የሚኖረው ሽጉጡ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው።

አንተ ቁልፍ ተጭነህ ስምንት አደረግኸው፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው እየተኮስክ ሄድክ። የተጫወትከው መካከለኛ የተኩስ ጌም ነው። አልፈርድብህም፣ ግን ቦክታይን ጨረስኩ አትበለኝ።

ኢሙሌተር_ይበቃኛል፦

እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የፈተና ወረቀቴን ልመልስ?

ቀልዱን ትተን ግን፦ ቀን ቀን ሥራ የሚውል ሰውስ? ደመና ለሁለት ሳምንት የማይገፈፍበት ቦታ የሚኖርስ? ኬክሮሱ ከፍ ያለ ቦታ ያለ ሰው በክረምት ቀትር ላይ እንኳ ፀሐይዋን ከአድማስ ብዙም ከፍ ሳትል ነው የሚያያት። ለእነዚያ ሰዎች ጌሙ የተዘጋ በር ነው። ፈጣሪዎቹም ያውቁት ነበር፤ ባንክ ያስገቡት ለምን ይመስልሃል? ፀሐይ ያገኘህ ቀን አስቀምጥ፣ ያጣህ ቀን አውጣ።

ድንገቴ፦

እኔ የሐሰት ገንዘብ መፈተሻዋን ሐምራዊ መብራት ሞክሬአለሁ። እንደ ሌባ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ፣ በአንድ እጄ መብራት፣ በአንድ እጄ ጌምቦይ፣ ቁልፎቹን በአፍንጫዬ ልጫን ምንም አልቀረኝም። ጃንጎ «ፀሐይ!» እያለ እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ።

ሽቦና_ብየዳ፦

ድንገቴ፣ ያን መብራት ዓይንህ ላይ አታብራ፣ የምሬን ነው። አልትራቫዮሌት ብዙ ብርሃን ስለማይታይበት ብሌንህ አይጠብም፣ ጉዳቱ ግን አለ።

ሴንሰሩን ሊያነቃው የሚችል ሰው ሠራሽ መብራት እንደሆነ አለ። ሜታል ሃላይድ የሚባለው፣ ሜዳ የሚያበሩበት ዓይነት ብርቱ መብራት ነው። ግን ለአንድ ጌም የስታዲየም መብራት ከሚተክል ሰው ጋር ስለ ምን እንደምናወራ አላውቅም።

ማታ_ማታ፦

ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፣ ይህን ግን ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ ሉፐስ አለብኝ። ፀሐይ ቆዳዬን ብቻ ሳይሆን ሕመሙን ራሱን ይቀሰቅስብኛል። ስለዚህ «ውጭ ውጪ» የሚለኝ ጌም ለእኔ እንደ ስድብ ነበር። ግን ታሪኩን ወደድኩት፣ ኦቴንኮን ወደድኩት (ያ የሱፍ አበባ የሚመስል መንፈስ፣ መካሪው)፣ እና በኢሙሌተር ጀመርኩ። መጀመሪያ ስምንት አድርጌ ሄድኩ። ጋሼ ሰብሳቢ እንዳሉት ሁለት ቀን ሳይሞላ ሰለቸኝ። ሁሉም በር ክፍት ከሆነ በር ለምን አስፈለገ?

ከዚያ የራሴን ሕግ አወጣሁ። መጋረጃዬ ሁሌም ዝግ ነው፣ ስለዚህ ልጫወት ስል ታናሽ ወንድሜን «ውጭ እንዴት ነው?» እለዋለሁ። «ይፋጃል» ካለኝ ሰባት። «ደህና ነው» ካለኝ አምስት። «ዳምኗል» ካለኝ ሁለት። ማታ ዜሮ፣ ያለ ድርድር። አንዴ ካስተካከልኩት ያን ቀን አልነካውም። ፀሐይዋ በጆሮዬ ትገባ ነበር ማለት ነው።

አንድ ቀን ፓይል ድራይቨሩ ላይ ተጣብቄ ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ ውጭ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩት። «ይፋጃል!» አለኝ ከሳሎን። ሰባት አደረግኩት፣ ማሽኑ ተንቀሳቀሰ፣ ቫምፓየሩ አለቀለት፣ እኔም ጮህኩ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ለካ ውጭ ደርሶ ተመልሷል፣ ራሱን በፎጣ እያደረቀ ገባ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ ነው የዋለው። ሴቩን አጥፍቼ እንደገና ተዋጋሁት። አራት ቀን ፈጀብኝ። ወንድሜን ለማናገር ሁለት ቀን።

ካሴት_ሰብሳቢ፦

እህቴ፣ «ጨረስኩ አትበለኝ» ያልኩትን አነሣለሁ፤ ለአንቺ ማለቴ ነው፣ ለሶፋው ሰውዬ አይደለም። ሴቭ አጥፍቶ የሚመለስ ሰው እኔ ራሴ አይደለሁም።

የወንድምሽን ሴንሰር ግን ካሊብሬት አድርጊው።

ኢሙሌተር_ይበቃኛል፦

የሶፋው ሰውዬ ነኝ። ማታ ማታ፣ ይህን ሕግ እሞክረዋለሁ። የምጠይቀው ሰው ስለሌለ መስኮቱን እከፍታለሁ። መክፈት ብቻ ነው፣ መውጣት አላልኩም።

ማታ_ማታ፦

ለሶፋው ሰውዬ፦ መልካም ዕድል። ማታ ለምትጫወቱ ደግሞ ከልምዴ፦ ዜሮ ነጥብ ላይ ጌሙ አይቆምም፣ ዝም ይላል እንጂ። ያለችህን ጉልበት እየቆጠርክ ትሄዳለህ። የምታገኛቸው ፍሬዎች ጉልበትም ሕይወትም ይመልሳሉ፣ ግን ስትሰስት ይበሰብሱብሃል፣ ስለዚህ «ለክፉ ቀን» ብለህ አትከምር። ትርፍ ጉልበት ካለህ ባንክ አስገባው።

ካሴት_ሰብሳቢ፦

ባንኩ አጠገብ ያለውን የጨለማ ብድርን ግን አትንኩ። ስሙ ይበቃል።

የንጋት_ኮከብ፦

ሴንሰሩ ማስታወቂያ ነበር ለተባለው፦ ኮናሚ ራሱ ያለ ሴንሰር ሞክሮት ውጤቱን አይተነዋል። ሦስተኛው ክፍል ከጃፓን ሳይወጣ ቀረ፤ በእንግሊዝኛ የምንጫወተው ደጋፊዎች በተረጎሙት ፓች ነው። በ2006 መጨረሻ ተከታዩ ወደ ኒንቴንዶ ዲኤስ ሄደ፣ ከጃፓን ውጭ ሉናር ናይትስ ተባለ። የዲኤሱ ካርድ ሴንሰር የለውም። በፀሐዩ ፋንታ ጌሙ ውስጥ የሚለዋወጥ የአየር ጠባይ፣ ቀንና ሌሊት አስገቡ። ጥሩ ጌም ነው፣ ግራፊክሱ ያማረ፣ ፍልሚያው ፈጣን። ብዙ ሰው የሚመክረውም እሱን ነው።

ግን ልባቸው እንዳልቻለ ተመልከቱ። ዲኤሱ ከታች ለጌምቦይ አድቫንስ ካሴት የሚሆን ሁለተኛ መግቢያ ነበረው። ሉናር ናይትስን እየተጫወትክ እዚያ የቦክታይ ካሴት ከሰካህ ጌሙ የአሮጌዋን ካሴት ሴንሰር ይጠቀምበታል። እኔ ያደረግኩት ለማየት ያህል ነው፣ ሁለተኛዋን ቦክታይ ሰክቼ ወጣሁ። የሁለተኛዋ መለኪያ አሥር ነጥብ ነው፣ ስምንት አይደለም፣ ለማንኛውም። አዲሱ ጌም ላይ ፀሐይዋ ከፍ ስትል አያት ማሽኑ ውስጥ ገብታ ለልጅ ልጇ የምታንሾካሹክ መሰለኝ። አስቂኝ ነኝ፣ አውቃለሁ።

ስሙም የመጣው ከዚያው ነው፦ የጃፓንኛው ርዕስ «ቦኩራ ኖ ታይዮ»፣ የእኛ ፀሐይ። አሳጥረው ቦክታይ አሉት።

ድንገቴ፦

ጃንጎ፣ ሳባታ፣ አባትየው ሪንጎ። ሁሉም የጣልያን ካውቦይ ፊልም ስሞች ናቸው። ጃፓኖች፣ የጣልያን ካውቦይ፣ ቫምፓየር፣ የሙታን ንግሥቷ ሄል ደግሞ ከስካንዲኔቪያ አፈ ታሪክ፣ ላዩ ላይ የባንክ ብድር። እንዴት ነው ይህ ጌም የጸደቀው ስብሰባ ላይ መገኘት ነበረብኝ።

ጥላ_ውስጥ፦

ተመለስኩ። ሦስት ቀን ሰማዩ ተዘግቶብኝ ነበር፣ ዛሬ ተከፈተ።

ሣጥኑን ከደጁ አንሥቼ ክቡ መሐል አስቀመጥኩት። በጎኔ ዞሬአለሁ፣ ክርኔ ርቋል፣ ስክሪኑ ገርጥቷል ግን ይታያል። ስድስት። ማሽኖቹ ዙሪያውን መጫር ጀመሩ፣ ጨረሩ ሣጥኑ ላይ ወረደ፣ ኮንቱ እንደ ጥላ እየወጣ ሲመጣብኝ በሽጉጡ እመልሰዋለሁ። ግማሽ ደርሻለሁ። ከዚያ ስድስቱ አራት ሆነ።

እኔ ምንም አላደረግኩም። ክርኔን አየሁ፣ ርቋል። ቀና ስል ደመና። ትልቅ አይደለም፣ አንዲት ብጣሽ ደመና፣ ልክ እኔ ላይ። ሦስት። ጨረሩ ሲቀጥን ይታያል፣ ኮንቱ ተበረታታ። ሁለት። በሕይወቴ ለደመና «እባክህ» ብዬ አላውቅም። ከፊቴ ሠላሳ አርባ እርምጃ ወዲያ መሬቱ ላይ ፀሐይዋ አልጠፋችም፣ የጥላው ጫፍ በግልጽ ይታያል። ኤስፒውን ሞልቶ እንደ ተያዘ ብርጭቆ በሁለት እጄ ይዤ፣ አንድ ዓይኔ ስክሪን ላይ አንዱ መሬት ላይ፣ ወደዚያ ሄድኩ። ሁለቴ ተመታሁ። ጥላውን ስሻገር ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ለአፍታ ሰባት። እዚያው ቆሜ ጨረስኩት።

አጠገቤ የሚያልፍ ሰውዬ ቆሞ ሲያየኝ ነበር። ምን እንደምለው ስላላወቅኩ «ቫምፓየር» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ሽቦና_ብየዳ፦

ሰባት ያለህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? የደመናው ጫፍ ነው። ደመና ከፀሐይዋ አጠገብ ሲሆን ከጎን የሚበትነው ብርሃን በቀጥታ ከሚመጣው ጋር ይደመራል፣ ለአፍታ ከጠራ ሰማይ የበለጠ ይሆናል። የሶላር ፓነል ሰዎች በደንብ ያውቁታል።

የንጋት_ኮከብ፦

እንኳን ደስ አለህ! «ቫምፓየር» አልኩት ያልከውን ሦስቴ አነበብኩት።

ድንገቴ፦

ስምህን አሁን መቀየር ትችላለህ።

ጥላ_ውስጥ፦

ስሙ ይቆይ፣ ለምጄዋለሁ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ብቻ። እነዚያ ሦስት ደመናማ ቀናት ላይ ጉልበት አልቆብኝ የጨለማ ብድር የሚለውን ተጭኜ ነበር። የጋሼ ሰብሳቢን ማስጠንቀቂያ ያየሁት ከተጫንኩ በኋላ ነው። መመለሻ ቀን አለው እንዴ?

ካሴት_ሰብሳቢ፦

ስንት ወሰድክ?